አይነቀሌና የቀይዋ ላም ወተት

መስከረም 14

ለወንድሜ፣

ይህ ወረቀት በጤናህ ጊዜ ይድረስህ። ፈጣሪ ከክፉ አለቃ፣ ከክፉ ጎረቤትና ከክፉ ጉንፋን ይሰውርህ። እኔ እህትህ ደህና ነኝ። ጥቁሯ ላም ወልዳለች፤ ቀይዋ እንደ ልማዷ አጥር ስትጥስ ትውላለች። ደህና ያልሆነው የግጦሽ መስኩ ነው፤ የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

ያንን ቢጫ አበባ የሚያወጣውን አረም ታስታውሰዋለህ? አንተ ስትሄድ ምንጩ ዳር ብቻ ነበር። አሁን ግማሹን መስክ ወርሶታል። እዚህ አይነቀሌ የሚል ስም አውጥተንለታል። ከላይ ስትይዘው እሺ ያለ ይመስልና ብጥስ ይላል፤ ሥሩ ግን ታች ቁጭ ብሎ በሳምንቱ ሌላ አንገት ያወጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያለው ሰው አይነቀሌን ሳያይ ነው የተረተው። ሲቆረጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል። ፈሳሹ እጅ ላይ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ይጣበቃል፤ ሽታው ደግሞ የሞተ አይጥ ነው። በሳሙና አይለቅ፣ በአመድ አይለቅ። ምግብ ልበላ እጄን ወደ አፌ ሳስጠጋ ቋቅ ይለኛል። ፈጣሪ ይህን ነገር ሲፈጥር ምን አስቦ እንደሆነ አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ።

የባሰው ደግሞ ወተቱ ነው። ላሞቹ ሣር ሲያጡ ቅጠሉን ይቀነጥሱታል፤ ምሬቱ በወተቱ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ወተት ሰብሳቢው ጣሳዬን ከፍቶ አሸተተ፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ መንገድ ላይ ደፋው። «እትዬ፣ ይሄ ወተት ነው ወይስ የሬት ጭማቂ?» አለኝ። ተዋርጄ ገባሁ። የደፋውን ውሻ እንኳ አልላሰውም።

የከብት ሐኪሟን አስጠራሁ። እሷ ያለችውን እንዳለ ልጻፍልህ። «አትቆፍሪው፣ አታርሺው። ሥሩ ከመሬት በታች እንደ ገመድ ተዘርግቷል፤ አሥር ቦታ ብትቆርጪው አሥር አረም ነው የምታበቅዪው። ይልቅ ጣት ባከለ ቁጥር ከላይ ከላይ እጨጂው። ቅጠል ካጣ ሥሩ ያጠራቀመውን ስንቅ እየበላ ይከሳል። ከብቶቹን አርቂና ሣሩ ይወፍርበት። ሁለት ክረምት ከታገሥሽ ያልቅለታል» አለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ነው።

ከአንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ በምትሠራበት የልብስ እጥበት ቤት የምታጠልቁትን ወፍራም ጓንት ነው፤ ላክልኝ። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። ከብቶቹን ከመስኩ ሳርቅ ወተቱ ይቀንሳል፤ «ምን ነካት» ብለህ እንዳትቻኮል። አባታችን መሬቱን «በወንድ ልጅ ስም ይሁን» ብሎ በአንተ ስም ስላደረገው ነው የማስፈቅድህ፤ ሌላ ምክንያት አለኝ ብለህ እንዳታስብ።

እህትህ


ጥቅምት 28

ለምወድሽ እትዬ፣

ከእግር ጥፍርሽ እስከ ራስ ፀጉርሽ ጤና ይስጥሽ፤ ጎተራሽ አይጉደል፣ ላሞችሽ አይንጠፉ። እኔ ሥራ ከመብዛቱ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ አረሙ የጻፍሽውን ሳነብ ሥራዬ ትዝ አለኝ። እኔ ያለሁት የትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ አንሶላው ከላይ በቱቦ ይወረወርልናል። ሰው በነጭ አንሶላ ላይ የሚያደርገውን ብነግርሽ ሁለተኛ ከሰው ጋር ቁጭ ብለሽ አትጫወቺም። ንጹሕ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው በፊት በር ይገባሉ፤ ጉዳቸው በቱቦ እኔ ጋ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ምሳ መብላት አቅቶኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ፤ መልመዴም ያስጠላኛል።

ነገር ግን አንድ ነገር ተምሬበታለሁ። ለእያንዳንዱ እድፍ መድኃኒት አለው። ለደም ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለዘይት የሳሙና ዱቄት፣ እምቢ ካለ በረኪናና ጠንካራ ብሩሽ። ቀስ እያልሽ ባባበልሽው ቁጥር እድፍ ይገባል እንጂ አይወጣም። አረሙም ያው ነው፤ ከሥሩ ፍቆ ማውጣት ነው እንጂ ሁለት ክረምት ጎንበስ ቀና ማለት ምን ይባላል? ሐኪሟ ላም ታክም።

ስለዚህ ለአጎታችን ልጅ ለፈጣኑ ደውዬለታለሁ። ትራክተር አለው፣ ገልበጥ አድርጎ ያርስልሻል። በአንድ ቀን ትገላገያለሽ። ጓንቱን ረስቼው ነው፣ ሌላ ጊዜ እልካለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ለወንድሜ፣

ፈጣሪ ማስተዋሉን ይስጥህ፤ ከሁሉ በፊት እሱን ነው የምመርቅህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትራክተሩ መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው። ጓንት ስላልነበረኝ በባዶ እጄ ሳጭድ ፈሳሹ እጄን አሳበጠው፤ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው ሐኪም ቤት ተኛሁ። ስመለስ መስኩ ተገልብጦ ጠበቀኝ። ሣሩም፣ አረሙም፣ የላሞቹ መሄጃም አንድ ላይ ተቦክቷል። ፈጣኑ ትራክተሩን ተደግፎ ፎቶ ሲነሳ ደረስኩ። «በግማሽ ቀን ጨረስኩልሽ!» አለኝ። ፈጣኑ ያሉት ለሙገሳ መስሎት እስከ ዛሬ ይኮራበታል።

አፈሩ ጥቁር ሆኖ ሲታይ ሰፈርተኛው ሁሉ «እሰይ፣ ፀዳ» አለ። እኔም ለትንሽ ጊዜ «ወይ ሐኪሟ ተሳስታ ይሆን?» ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አካፍቶ አደረ፣ ጠዋት በሩን ስከፍት መስኩ አረንጓዴ ሆኗል። ሣር መስሎኝ ሮጥኩ። ጎንበስ ብዬ ሳየው እሱው ነው! ማረሻው የቆራረጠው ሥር ሁሉ፣ የጣት ቁራጭ የምታህለው ሳትቀር፣ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥታለች። ያልነበረበት ቦታ ሁሉ አለ። የታረሰ ሳይሆን በእጅ የተዘራ ነው የሚመስለው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዘገነነኝ ወንድሜ፤ የሰው ገላ ላይ ሽፍታ ሲወጣ እንደማየት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንሶላ አንሶላ ነው፤ እድፉ ሥር የለውም። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም ነበር፤ ደብዳቤዬን ማንበብ ይበቃ ነበር።

ሌላ ደግሞ አለ። ፈጣኑ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ይዞ መጥቶ የመንገዱን ዳር በሜትር ሲለኩ አየኋቸው። «ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ለአጥር ነው» አለኝ። አጥር ማን አዘዘ? አንተ የምታውቀው ነገር አለ? ጓንቱንም አትርሳ።

እህትህ


የካቲት 25

ለምወድሽ እትዬ፣

እጅሽን ይማርልሽ፤ ያንቺ እጅ ለእኔ የእናት እጅ ነው። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅር በይኝ፤ ሥራ በዛብኝ፣ አንድ ሠራተኛ ሄዶ የሱንም ድርሻ እኔው ነኝ የምሠራው።

ስለ እርሻው አዝናለሁ። ማን ያውቃል እንዲህ እንደሚሆን! አሁን የሚረጭ መድኃኒት ፈልጊ፤ ፈጣኑ የሚያውቀው ሻጭ አለ።

የእኔም እጅ ተልጧል። በረኪናው ጣቶቼን እንደ ተቀቀለ ድንች ነው የሚልጣቸው። የማድረው ደግሞ ከሁለት ሰዎች ጋር ነው፤ ብቸኛው መስኮት የሚከፈተው ወደ ወጥ ቤቱ የጭስ ቱቦ ነው። የሰው ሽታ፣ የዘይት ሽታ፣ የእርጥብ ፎጣ ሽታ። አንዳንዴ ምንም የማይሸት ነገር ማሽተት ያምረኛል። እዚህ ዕድሜዬን መጨረስ አልፈልግም እትዬ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመንገዱ ዳር ያለው ክፍል እንዴት ነው? ሌላው ይቆይና እሱን ብቻ ቶሎ አጽጂልኝ፤ ሲፀዳ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ደግሞስ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ብታገኚ ደስ አይልሽም? ቧንቧ ያለው፣ እበት የማይረገጥበት? እንዲያው ልጠይቅሽ ብዬ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 19

ወንድሜ፣

ምርቃቱን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

ስለ ሜትሩ ጠይቄህ ነበር፤ ስለ ድንች ጻፍክልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ፈጣኑ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ማን እንደሆነ ስጠይቀው «ገዢው ነዋ! ወንድምሽ ውክልና ከሰጠኝ ቆየ እኮ፣ አልነገረሽም?» አለኝ። ያወጣውን ከስንጥሩ ላይ አይቶ መልሶ ዋጠው። የቱ ይበልጥ እንዳንገሸገሸኝ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ። እኔ እዚህ አንድ አረም ለማጥፋት ወገቤ እስኪቆረጥ ስጎነበስ፣ አንተ እዚያ ሆነህ እኔን ከነሥሬ ልትነቅለኝ ኖሯል። አስጠላኸኝ። ይህን ለወንድሜ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ግን አስጠላኸኝ። መሸጥህ አይደለም የከፋኝ። «የመንገዱን ዳር አጽጂልኝ» ብለህ የራሴን መቃብር በራሴ ማጭድ ልታስጠርገኝ ነበር። ያቺ ናት ያቃጠለችኝ።

መስኩን ብትረሳውም ልንገርህ። እጄ ሲድን ጨርቅ ጠምጥሜበት ማጨዱን ጀምሬያለሁ። ሐኪሟ መጥታ አይታ «ማረሻው ቢያበዛውም ቁራጮቹ ትንሽ ስንቅ ነው ያላቸው፤ አሁን ካላሳረፍሻቸው ቶሎ በረሃብ ያልቃሉ» አለች። እውነቷን ነው። ወደ ምንጩ በኩል ያለው ሁለተኛ ሲወጣ ቀጥኖ ነው የወጣው፤ ሦስተኛ ሲወጣ ቢጫ ሆኖ ነው። በመካከሉ ሣር እየተመለሰ ነው። ላሞቹን በረት አስሬ የታጨደ ሣር እያቀረብኩ ነው የማበላቸው። ወተቱ ጣፍጧል፤ ሰብሳቢውም ይቅርታ ሳይጠይቅ መውሰድ ጀምሯል። ቀይዋ ብቻ በር በተከፈተ ቁጥር ሹልክ ብላ የመንገዱ ዳር ትገባለች፤ የእሷን ለብቻው አልቤ እደፋዋለሁ።

የመንገዱን ዳር ግን አልነካሁትም። አልነካውምም።

አሁን ከአንተ ጓንት አልፈልግም። አንድ ቃል ነው የምፈልገው። በፈጣኑ አፍ ሳይሆን በራስህ አፍ «አዎ፣ ልሸጠው ነው» በለኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 22

እትዬ፣

አዎ፣ ልሸጠው ነው።

ብትረግሚኝም አልፈርድብሽም። አንድ የሥራ ጓደኛዬ ትንሽ እጥበት ቤት እንክፈት ብሎኛል፤ የራሳችን፣ መሬት ላይ፣ መስኮት ያለው። ድርሻዬን ካላመጣሁ ሌላ ሰው ያስገባል። እኔ ሌላ ምን አለኝ? ያለኝ ያ መስክ ነው። አንቺንም ሜዳ ላይ አልጥልሽም፤ ከተማ ቤት እከራይልሻለሁ።

ገዢው ከተማ ውስጥ ወተት ቤት ያለው ሰው ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ራሱ መጥቶ ያያል። ሣር አያውቅም፤ «እኔ መስክ የምለካው በወተቱ ነው» ብሎኛል። ወተትሽ መጣፈጡን ስትጽፊልኝ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ቅር እያለሽም ቢሆን ሰውየውን በክብር ተቀበይው፤ ከላሞቹ ወተት በንጹሕ ብርጭቆ አጠጪው። ይህችን ብቻ አድርጊልኝ፤ ሌላ አላስቸግርሽም።

ወንድምሽ


ሰኔ 8

ለምወድህ፣ ለምሳሳልህ ወንድሜ፣

የሰማይ አምላክ እጅህን ይፈውስ፣ መስኮትህን ወደ ነፋስ ይክፈትልህ፣ ከጠላት ምስጋናና ከዘመድ ውክልና ይጠብቅህ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ላሞቹ ሁሉ ደህና ናቸው፤ በተለይ ቀይዋ።

ያዘዝከኝን አንድ በአንድ ፈጽሜአለሁ። ባለወተት ቤቱ መምጣቱን ፈጣኑ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ቤቱን ጠረግኩ፣ ወንበር አወጣሁ፣ ብርጭቆ አጠብኩ። ቀይዋንም ከዋዜማው ጀምሬ የመንገዱ ዳር ለቀቅኳት። አጥር መጣስ ሳያስፈልጋት በሩ ሲከፈትላት መጀመሪያ ተጠራጥራ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ማታ እስካስገባት ድረስ ቀና አላለችም።

ሰውየው ደህና ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ትሁት፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ሲያነጋግር እጁን ሆዱ ላይ ያደርጋል። የመንገዱን ዳር አይቶ «ይሄ ቢጫው ምንድን ነው?» አለ። ፈጣኑ ቀደም ብሎ «አበባ ነው» አለ! አበባ! አፉን ሞልቶ! እኔም «አረም ነው፤ ሥሩ አይነቀልም» አልኩ። «በምን ይጠፋል ታዲያ?» ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት። ከብት አርቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በማጭድ፣ ሁለት ክረምት፣ ያለ ትራክተር።

«ማን ነው ሁለት ክረምት የሚጎነበሰው?» አለ።

«እኔ» አልኩት።

«አንቺም ከመሬቱ ጋር ነው የምትሸጪው?» ብሎ ሳቀ። ፈጣኑም ሳቀ። እኔም ሳቅኩላቸው። ከዚያ ወተቱን አቀረብኩ።

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ እንደ ባለሙያ አየው። ወዘወዘው። «ወፍራም ነው» አለ። ከዚያ የውሃ ጥም ይዞት ኖሮ እስከ ግማሽ ድረስ አንዴ ጎነጨው። ወንድሜ፣ የሰው ፊት ያን ያህል ጊዜ መልኩን ሲቀያይር አይቼ አላውቅም። ቀላ፣ ነጣ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጉንጩ ተነፋ። ዞር ለማለት ጊዜ አላገኘም፤ የፈጣኑ አዲስ ጫማ ላይ ለቀቀው። የበላውንም ጨመረበት። ፈጣኑ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ፤ እግሩን ሳያነሳ ቆሞ ቀረ።

ሰውየው አፉን በመሐረብ እየጠረገ «ይሄ ከዚህ መስክ የወጣ ነው?» አለኝ። «ላሟ እዚህ ነው የዋለችው፤ እንደሚያዩት ነው» አልኩት። ወደ መኪናው ተጣደፈ። መኪናው ውስጥ ገብቶም ምራቁን በመስኮት ሲተፋ አይቼዋለሁ።

አልዋሸሁም። ላሟ የእኛ ናት፣ መስኩም የእኛ ነው፣ ወተቱንም አጠጪው ያልከው አንተ ነህ። ጥቁሯን ነው ያልኩት ካልክ ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው፤ የቷን እንደምሰጠው አልጻፍክም።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ሌላ ገዢ ብታመጣ ልከለክልህ አልችልም፤ ወረቀቱ የአንተ ነው። እኔ ያለኝ ማጭዱና ወገቤ ነው። ይህን መስክ ከተቀማሁ ከተማ ቤት ውስጥ ምን ሆኜ እንደምነሳ፣ ለማን እንደምነሳ አላውቅም። ይህን ልልህ ነበር ከመስከረም ጀምሮ የምጽፍልህ፤ ስለ አረም እየጻፍኩ አመለጠኝ። ወደ ምንጩ በኩል ያለው ሥር ቀድሞ ስለከሳ ከብት ለመልቀቅ አንድ ክረምት ብቻ ነው የቀረው። የመንገዱን ዳርም ዛሬ ጠዋት ማጨድ ጀምሬያለሁ፤ ሥራውን ስለጨረሰ። ሌላ ገዢ ይመጣል ካልከኝ ግን ማጭዴን እሰቅላለሁ።

ለአንተም አንድ ብርጭቆ አስቀምጬልሃለሁ።

እህትህ


ነሐሴ 2

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ፈጣኑ ከአንቺ በፊት ደውሎ ስለ መሬቱ ሁለት ቃል፣ ስለ ጫማው ግማሽ ሰዓት አወራኝ። ጓደኛዬም አልጠበቀኝም፤ ሌላ ሰው አስገባ። መስኮት ያለው ቤት ሄደ። ሰኔ ሙሉ ስምሽን ሳነሳ ምላሴ ላይ ያን ወተት የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። ተጸይፌሽ ነበር፤ አንቺም ብለሽኛልና እኩል ነን።

ከዚያ አንድ ቀን በቱቦው የመጣ አንሶላ ዘረጋሁ፤ ምን እንደነበረበት አልነግርሽም። አፍንጫዬን ይዤ ሳየው የባለወተት ቤቱ ፊት ትዝ አለኝ። ቀላ፣ ነጣ ያልሽው። ፈጣኑ «አበባ ነው» ያለው። ማሽኑን ተደግፌ ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፤ አለቃው አበደ ብሎ ውሃ አመጣልኝ። ሳቁ ሲያልቅ ለቅሶ ሆነብኝ። እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ያቆሸሸውን ሁሉ እየፈቀፈቅኩ፣ ለእኔ ብላ ጨርቅ በተጠመጠመ እጇ መግል የምታጭደውን እህቴን ነው ፍቄ ላወጣት የነበረው።

ውክልናውን አንስቼዋለሁ። ወረቀቱ ፈጣኑ ጋ ደርሷል፤ ቶሎ ስለሆነበት አዝኗል። መሬቱንም በሁለታችን ስም ለማድረግ የሚያስፈልገውን ጠይቄያለሁ፤ ስመጣ አብረን እንፈርማለን።

አዎ፣ እመጣለሁ። ለመኖር አልልሽም፤ እንዳልዋሽሽ። ለሚቀጥለው ክረምት ግን ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። የመንገዱን ዳር ለእኔ ተዪልኝ፤ ያበዛሁት እኔ ስለሆንኩ የምጎነበሰውም እኔ ነኝ። ጓንቱ በዚህ ጥቅል ውስጥ አለ፤ ሁለት ጥንድ ነው። ትንሹ ያንቺ ነው። ትልቁን ማንም እንዳያጠልቀው።

ያስቀመጥሽልኝን ብርጭቆ ግን ድፊው። ስመጣ የምትታለበውን ላም ራሴ ነኝ የምመርጠው።

ወንድምሽ